ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ሰውየው ሰባኪ ነው። ምእመናኑ ግን በሌለበት «ወረቀቱ» ይሉታል፤ እኔ አልፈርድባቸውም። አሥራ አንድ ገጽ ጽፎ ይመጣል፣ አትሮኖሱ ላይ ይዘረጋል፣ ከዚያ አንገቱን እንደደፋ እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ያነባል። አንድ እሑድማ ለራሱ ዳር ላይ የጻፋትን «እዚህ ጋ ረጋ በል» የምትል ማስታወሻ ጮክ ብሎ አንብቧት ጉባኤው በሙሉ ረጋ ብሏል።

እናቱ ሁልጊዜ ፊተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሠርታ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ስብከቱ ሲያልቅ ጉንጩን ትስመውና «ተባረክ የኔ ጌታ፣ ግሩም ነበር» ትለዋለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ይገባል።

አንድ ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ «እማዬ፣ የቱ ጋ ነው ደስ ያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለች እየተሽኮረመመች። «አናትህ ላይ ፀጉርህ መሳሳት ጀምሯል። ያየሁት እሱን ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ከንፈር አይቼ ነው የምሰማው። በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት ማን በጆሮው ይሰማል? ሁላችንም በከንፈር ነበር የምናወራው። አንተ ደግሞ አንዴ ካቀረቀርክ ቀና ማለት የለም።»

ክው አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትሰማው ስትመርቀው ኖራለች! ይባስ ብሎ ሦስት ሳምንት ቆይታ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሩቅ ከተማ ያለችው እህቱ ጋ ጠቅልላ ልትገባ ነው። እናቱ አንድ ስብከት፣ አንድ ብቻ፣ ሳትሰማው ከሄደች ራሱን ይቅር የሚል አልመሰለውም።

መጀመሪያ የሞከረው ሽምደዳ ነው። አሥራ አንዱንም ገጽ እንደ ውኃ ጠጣው። እሑድ ወጣ፣ ቀና አለ፣ ጀመረ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አንዲት «ስለዚህ» ጠፋችበት። እሷ ስትጠፋ የቀረው ሁሉ ተከትሏት ሄደ። ላብ አጠመቀው፤ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አቀረቀረ። እናቱም እንደ ልማዷ አናቱን ማየት ቀጠለች።

በሳምንቱም ያው ሆነ። ማክሰኞ ቅስሙ እንደተሰበረ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ወሬ የማያልቅበት ሽማግሌ ነው። በሠርጉ ቀን ስለጠፋበት ጫማ ሲያወራ ሰባኪው ትንሽ ቢባል አሥር ጊዜ ሰምቶታል፤ አሥሩንም ጊዜ ስቋል። ዛሬ ግን ሳቁን ትቶ ማጥናት ያዘ። ባለፈው ጫማው ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ቡናማ ሆኗል። ባለፈው አማትየው መጨረሻ ላይ ነበር የመጡት፤ ዛሬ መሀል ላይ ዘው አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄን ወሬ በቃልህ ነው እንዴ የያዝከው?»

«ሂድ ወዲያ! የገዛ ጫማዬን ምን ብዬ ነው የምሸመድደው? መነሻና መድረሻውን አውቃለሁ፤ ሌላውን እሱ ይነግረኛል» አለና በመቀሱ ወደ መስተዋቱ ጠቆመ። «ፊትህን አይበታለሁ። ስታዛጋ አማቴን ቶሎ አስገባቸዋለሁ።»

«ዛሬ መሀል ላይ የገቡት...»

«አዛግተህ ነዋ!»

ሰባኪው ቤቱ ገባና፣ ከቤት ወጥቶ ስለጠፋው ልጅ የጻፈውን አሥራ አንድ ገጽ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። በትንሽ ካርድ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ጻፈ፦ ሄደ። አለ። ገባ።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ሰባኪው፣ ያ የጠፋው ልጅ በሩን እንኳ ሳይዘጋ እንዴት እንደሄደ፣ እናቱን እያየ ነገራት። አፉ ሲፈታለት ራሱም ገረመው። ከዚያ ካርዱን ሰረቅ አድርጎ አየ። «አለ» ይላል።

አለ? ላልቶ ነው ጠብቆ? አባትየው አንድ ነገር ተናገረ ለማለት ነው የጻፈው ወይስ አባትየው ቤቱ ነበር ለማለት? ፊደሉ እንደሆነ አንድ ነው። ሙሉው ጽሑፍ ቢሆን ዓረፍተ ነገሩ ይነግረው ነበር፤ እሱ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጉድ ፈላ!

አቀርቅር አቀርቅር አለው። ያኔ የፀጉር አስተካካዩ መስተዋት ትዝ አለውና የእናቱን ፊት አየ። ዓይኗ ከንፈሩ ላይ ተተክሏል። እንባ አቅርራለች።

«ወገኖቼ» አለ፣ «እዚህ ካርድ ላይ ‹አባትየው አለ› ለማለት ጽፌ፣ ላልቶ ይሁን ጠብቆ ጠፍቶብኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቱ ግን አልሳቀችም። ከንፈር ላይ ላልቶም ጠብቆም አንድ ነው፤ ለእሷ የታያት «አባትየው አለ» የሚለው ብቻ ነው። ጆሮው እንደደከመ ሰው ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«አለ እንጂ! የት ይሄዳል? ልጁ የሚመጣበትን ቀን አያውቅ!»

ሰባኪው ካርዱን ኪሱ ከተተ። «ጠብቆ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ለካ ልጁን ጠብቆ ነው።» ከዚያ ስለዚያ ጠባቂ አባት ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ ከተናገረው ውስጥ አንዱም አሥራ አንዱ ገጽ ላይ አልነበረም። እናቱ ሲጨርስ ጉንጩን ስማ ምንም አላለችም።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ። እናቱ ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ሆና አንድ ነገር ተናገረች። «ምን?» ብሎ ጮኸ፤ መጮኹ ምን እንደሚጠቅማት እንጃ። እሷ ደገመችለት። ቀና ብሎ ከንፈሯን አየ።

«አለሁ።»

ጠብቆ ነው ያነበበው።