እንግዳው ከበር ውጭ

ልጆች ከትምህርት መልስ የሚውሉበትን ቤት የምትመራው መምህርት፣ ለእንግዳ የሚሆን ወንበር ተውሳ ከጎረቤት ስትመለስ ክው አለች። ለቤቱ በሚመጣው ዓመት ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ የሚወስኑት የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኃላፊ ዝናብ እየመታቸው በር ላይ ቆመዋል።

ከውስጥ የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ መጣ። «ቲቸር፣ የማላውቀውን ሰው እንዳላስገባ ብለውኝ የለ?»

«ማንነታቸውን አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል። ሌባም ቢሆን እኮ እንደዚያ ነው የሚለው።»

መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኃላፊው ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ተያት፣ ልክ ናት። በከረሜላ ላባብላት ብሞክርም እምቢ አለችኝ።»

«ያውቋቸዋል፣ ቲቸር?»

«አውቃቸዋለሁ፣ የኔ ልጅ።»

ያኔ በሩ ተከፈተ። ኃላፊው ካፖርታቸውን አውልቀው ከልጆቹ ጋር ገመድ ሲዘሉ አመሹ፤ ሲወጡም መምህርቷን፣ «ለሚመጣው ዓመት አታስቢ» አሏት።