የጠላቂው ዛጎል

መካነ ሰላም ገብታችሁ «የጠላቂው ቤት የት ነው?» ብትሉ የማያሳያችሁ የለም። ባሕር ቀርቶ ደኅና ኩሬ በሌለበት ደጋ ሰው ጠላቂ እየተባለ መኖሩ እንግዳ ነገር ነው፤ የከተማው ሰው ግን ከለመደው ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖታል። አድማሴ በጎረምሳነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ወታደር ነበር። ከዚያ ይዞ የተመለሰው ነጭ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ዛጎልና አንድ ወሬ ነው። እንደ ወሬው ከሆነ ዛጎሏን ያገኛት ከመርከብ ዘሎ፣ ዐሥራ አምስት ሜትር ጠልቆ፣ ከሻርክ አፍ አምልጦ ነው። ሻርኩ በሠርጉ ሰሞን አንድ ነበር። በልጁ ክርስትና ላይ ሁለት ሆነ። አሁን ስንት እንደ ደረሰ እሱ ያውቃል።

አትፍረዱበት፤ ባሕሩን ከልቡ ይናፍቅ ነበር። ወፍጮ ቤት አለው። መብራት በጠፋ ቁጥር የናፍጣውን ሞተር ያስነሣል፤ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ሲገባ እህሉንም ወረፋውንም ይረሳና ምጽዋ ወደብ ላይ ይቆማል። ያን ወበቅ ያስታውሳል፤ አመሻሽ ላይ ከውኃው የሚነሣውን ጨው ጨው የሚል ነፋስ ያስታውሳል። ከሁሉ በላይ ግን ትዝ የሚለው የአልጋ ጎረቤቱ አሕመዲን ነው። አሕመዲን የአቀስታ ልጅ ነበር። ሁለቱ ደገኞች በዚያ ቃጠሎ መሐል ተገናኝተው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ ውርጭ ሲያወሩ ይውሉ ነበር።

የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ በተደረገው ውጊያ አሕመዲን ሞተ። አድማሴ ፈቃድ ወጥቶ አገሩ ስለ ነበር ተረፈ። ስለ ጓደኛው ግን ለማንም አይናገርም፤ ወሬው ውስጥ ሻርክ እንጂ አሕመዲን የለም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ልጁ መቅደላዊት ከአዲስ አበባ መጣች። የሰው ልጅ ሐኪም ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል፤ የአድማሴ ልጅ የቀንድ አውጣ ተመራማሪ ሆነች። ጎረቤት ሲስቅባት «ምን ላድርግ? የአባባን ወሬ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ» ትላለች። እውነትም ነው፤ ሕፃን ሳለች ያቺን ዛጎል ካላሳዩኝ አልተኛም ብላ ታስቸግር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ስባ፣ ዛጎሏን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ መለካት ጀመረች። እናቷ ብርሀንነሽ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አድማሴ ከልጁ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ርዝመቷ ዐሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር፤ ጥምዝምዟ ስድስት ዙር ተኩል፤ መልኳ ወተት። መቅደላዊት እያንዳንዷን ነገር ጻፈች፤ ከጎን በኩል ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ሳይቀር ቆጠረች።

«ይህች ጫፏ ይታይሃል፣ አባባ?» አለች በአጉሊ መነጽሩ እያሳየችው። «ቀንድ አውጣ ቤቷን አታፈርስም፤ እያደገች ስትሄድ በላዩ ላይ ትጨምርበታለች። ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው ሕፃን ሳለች የሠራችው ነው። ሙሉ ዕድሜዋን ልጅነቷን ተሸክማ ነው የምትኖረው።»

«ደግ አደረገች» አለ አድማሴ፤ የራሱ ልጅነት ትዝ ብሎት ደስ አለው።

ከዚያ መቅደላዊት የመጣችበትን ነገር ነገረቻቸው። በቅርቡ አንድ የምርምር መርከብ ከቀይ ባሕር ጥልቅ እንዲህ ያሉ ሁለት ዛጎሎች አውጥቷል። በሳይንስ የማይታወቅ አዲስ ዝርያ ነው። የሁለቱም ጫፍ ግን ተሰብሯል። እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ጫፏ ያልተነካ ሲፈልጉ የአባቷ ዛጎል ትዝ አለቻት። ዝርያውን የሚያሳውቀው ጽሑፍ አልቋል ማለት ይቻላል። ይህችን ዛጎል ሙዚየም ያስቀምጧታል፤ ከእንግዲህ ስለዚህ ዝርያ ክርክር በተነሣ ቁጥር ምስክር የምትሆነው እሷ ናት።

«ስሟንም አውጥቼላታለሁ» አለች። «አድማሴ ነው የምትባለው። በእኛ ሙያ ያገኛትን ሰው ስም መስጠት የተለመደ ነው። አንዴ ከታተመ በኋላ ደግሞ ማንም አይለውጠውም።»

ብርሀንነሽ ከልቧ ሳቀች። አድማሴም ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ግን መልሶ ዘጋው።

«አሁን ጥልቀቱን ንገረኝ። ዐሥራ አምስት ሜትር ነበር የምትለኝ፣ አይደል?»

«ዐሥራ አምስት» አለ ከልማድ።

መቅደላዊት እስክሪብቶዋን አቆመች። «የሚገርመው እኮ እሱ ነው። ሁለቱ የወጡት ፀሐይ ከማይደርስበት፣ ከሰባት መቶ ሜትር በታች ነው። ያንተ ከዐሥራ አምስት ከሆነች ወደ ላይም ትወጣለች ማለት ነው። ባልደረቦቼ ሊያምኑኝ አልቻሉም፤ አባቴ በእጁ ነው ያወጣት፣ አባቴ አይዋሽም አልኳቸው።» ከዚያ ቁጥሩን ጻፈችው።

አድማሴ ቁጥሩን አየው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያ ወሬ ማንንም አልጎዳም ብሎ ራሱን ሲያጽናና ኖሯል። ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘ ገበሬ ስቆ ይሄዳል፤ ቢያምንም ባያምንም ጤፉ ይፈጫል። አሁን ግን ልጁ የራሷን ስም ዋስ አስይዛለታለች። አገር ላገር የሚዞር መጽሐፍ ላይ ውሸቱ በእሷ እጅ ሊጻፍ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ የእሱ ስም። ሄዶ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ሰርዢው» አለ።

«ምኑን?»

መልስ ሳይሰጥ ተነሣ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፉን አወረደ። በቢላዋ ጫፍ የጀርባውን ካርቶን ፈልቅቆ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለልጁ ሰጣት። መቅደላዊት ጮክ ብላ አነበበች፦

«ይድረስ ለውድ እናቴ። እንዴት ከርመሽልኛል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የባሕር ወለል የሚያጠና የፈረንጅ መርከብ ላይ ለአንድ ወር በውሰት ተልኬ ነበር። የት ዋልክ ስትይኝ ልክ ልኩን ካልነገርኩሽ ስለማትወጂ ሁሉንም ጽፌልሻለሁ። ኅዳር 14 ቀን ከዳህላክ በስተምሥራቅ ጭቃ ማውጫውን ሰባት መቶ ሠላሳ ሜትር ድረስ አወረዱት። ወለሉን ሳጥብ ይህችን ጭቃው ውስጥ አገኘኋት። ፈረንጆቹ ጭቃውን እንጂ እሷን አልፈለጓትም። የላክኋት ላንቺ ነው። ሀጀራ ትለምንሻለች፤ እንዳትሰጫት። አድማሴ ለፈቃድ ሲመጣ ያደርስልሻል። ልጅሽ አሕመዲን።»

መቅደላዊት ደብዳቤውን ከዛጎሏ አጠገብ ዘረጋችው።

«አውቶቡሱ አቀስታን ያለፈው መሽቶ ነበር» አለ አድማሴ። «በመልሴ አደርሳለሁ አልኩ። እዚህ ስደርስ ብርሀንነሽን አየኋት፤ ከዚያ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። ላንቺ ብዬ ጠልቄ አወጣኋት አልኳት። ስትደሰት ጊዜ እንዴት ልቀማት? ሳልመለስ የመርዶው ወሬ መጣ።»

«ዋና እንደማትችልማ ከተጋባን በሦስተኛው ወር ነው ያወቅሁት» አለች ብርሀንነሽ። «የወለቃን ወንዝ ስንሻገር የበቅሎዋን ጭራ ይዘህ ማርያም ማርያም ስትል አላየሁህም? ወንድ ልጅ ሚስት ሲፈልግ ይዋሻል ብዬ ተውኩት።» ምስሩን ገፋችው። «የሞተ ልጅ ለእናቱ የላከው አደራ መሆኑን ግን አላወቅሁም። እሱን አንገቴ ላይ አስረህ ነው ያገባኸኝ?»

አድማሴ አንገቱን ደፋ። በወሎ ሰው ዘንድ ሌባ ከመባል አደራ በላ መባል ይከፋል። ሚስቱ ቃሉን አልተናገረችውም፤ እሱ ግን ሰማው።

መቅደላዊት ቁጥሩን ሰረዘች፤ ቀጥላ ስሙን ሰረዘች። «እኔ እኮ በዚያ ወሬ ነው ሰው የሆንኩት» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ዛጎሏ የኛ አይደለችም። ባለቤቷ ካልፈቀደ ለሙዚየም መስጠት አልችልም። ቤተሰቡ አለ?»

«እህቱ ሀጀራ አቀስታ ናት።»

«ነገ እንሄዳለን። የምትነግራትም አንተ ነህ።»

በስልክ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተው በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሽቅብ በወጡ ቁጥር ብርዱ ይበረታል። አድማሴ መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያሳምር ሄደ፤ አንዱን ይጥላል፣ ሌላውን ያነሣል። ሰውየው ወሬ አጥቶ አያውቅም ነበር፤ አቀስታ ሲደርሱ ግን ባዶ ነበር።

ሀጀራ ገበያው ዳር ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና እና ብርድ ልብስ የምትሸጥ፣ የደረጀች ነጋዴ ናት። ገና ስታየው አወቀችው። ለወንድሟ ለቅሶ መጥቶ ነበርና።

«ጋሽ አድማሴ! ከየት ተገኙ? ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤት አስገብታ አስቀመጠቻቸው። አድማሴ ደብዳቤውን አውጥቶ እጇ ላይ አኖረ፤ መቅደላዊት ዛጎሏን ከነጥጥ መያዣዋ አጠገቡ አደረገች።

«ለቅሶ የመጣሁ ቀን» አለ፣ «እናትሽ ምንም አልላከም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልላከም አልኳቸው። ይህ ወረቀት ያኔ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ሀጀራ መነጽሯን አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። «ሀጀራ ትለምንሻለች፤ እንዳትሰጫት» ከሚለው ስትደርስ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። መቅደላዊት ቀስ ብላ ስለ ዛጎሏ፣ ስለ ሙዚየሙ፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀንና ጥልቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም አስረዳቻት። ወንድሟ ለእናቱ ብሎ የጻፈው ያ ልክ ልኩ ነገር ባይኖር ዛጎሏ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ሀጀራ ዛጎሏን አንሥታ መዳፏ ላይ አደረገቻት። «ትሂድ» አለች። «ስሙን ጻፊ፤ አሕመዲን ይመር አሊ። የምትጠራው በሱ ስም ይሁን።»

መቅደላዊት ጻፈች። አድማሴ ከወንበሩ ወርዶ ሊንበረከክ ሲል ሀጀራ ክንዱን ያዘችው።

«አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አላት።

«በራሴ በኩል አውፍ ብያለሁ። አላህም አውፍ ይበልዎ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እናቴ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። በመጨረሻ ዓይኗ ጠፍቶ ደጃፍ ትቀመጥ ነበር፤ ኮቴ በሰማች ቁጥር ከልጄ የተላከ ነገር አለ ወይ ትላለች። የእሷን እኔ አውፍ ልል አልችልም፣ ጋሼ። የራሷ ነው፤ ይዛው ሄዳለች።»

አድማሴ ባርኔጣውን አንሥቶ ለመውጣት ተነሣ፤ መቅደላዊትም ተከተለችው።

«የት ይሄዳሉ? ይቀመጡ እንጂ» አለች ሀጀራ። «እሱ ሲሄድ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሁሉን ነገሩን ረስቼዋለሁ። እናቴም የለች የምጠይቃት። አንቱ ግን አብረውት ኖረዋል። ይንገሩኝ። እንዳይጨምሩበት ብቻ።»

አድማሴ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣለት መርከቡና ማዕበሉ ነበር፤ ዋጠው። ለልጁም ለሚስቱም ነግሮ የማያውቀው ነገር ነው ከአፉ የወጣው።

«እኔ መርከብ ላይ አልሠራሁም» አለ። «ወጥ ቤት ድንች ላጭ ነበርኩ። እሱ ከሥራ ሲመለስ ደክሞት እንኳ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያግዘኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ስስ አድርጎ ነው የሚልጠው፤ በሱ ምክንያት ሁልጊዜ አለቃው ይቆጣኝ ነበር። ምነው ፈጠን ብትል ስለው፣ ልጣጩ ከወፈረ ያባከንከው ድንቹን ያበቀለውን መሬት ነው ትለኛለች እናቴ፣ ይላል።»

ሀጀራ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አዎ» አለች፤ «እንደዚያ ትል ነበር።»