ጎል ሲገባ ዝም በሉ

ልጆቼ፣ ሰው ደስታውን በጥርሱ ነክሶ ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአንዲት መጠጥ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አርባ ሰው እንዲያ ያደርግ ነበር። ያስተማረቻቸውም ባለቤቲቱ ናት፤ ደንበኞቿ እትዬ ይሏታል።

እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው በኳስ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ዲሽ ያዞረላት፣ ለሪሲቨሩም ካርድ ከውጭ አገር ያመጣላት የባሏ ወንድም ነው። ካርዱ እዚያ አገር ለመኖሪያ ቤት የተሸጠ ነው፤ ርካሽ ነው። የጨዋታው አስተላላፊ በማያውቁት ቋንቋ ስለሚያወራ እትዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግታዋለች። እዚህ ግን ኳሱን በመጠጥ ቤት የማሳየት መብት የገዛ ሌላ ኩባንያ አለ፤ ማሳየት የፈለገ ከእሱ ጋር መዋዋል አለበት። ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ተዋውሏል። እትዬ አልተዋዋለችም።

“ገዝተን እንጂ ሰርቀን ነው?” ይላል የባሏ ወንድም። “ከሰማይ የሚወርድ ነገር የማን ነው? ፀሐይ ለመሞቅ ውል ትፈርሚያለሽ?”

እሷ ግን ከኩባንያው ደብዳቤ ከደረሳት ጀምሮ እህል አይወርድላትም። “ተቆጣጣሪዎቻችን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብተው ይቀመጣሉ። የተያዘ ይከሰሳል፤ የንግድ ፈቃዱም ሊሰረዝ ይችላል” ይላል ደብዳቤው። ፈቃዱ ከተሰረዘ መጠጥ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። መጠጥ ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የምትኖርበት የጓሮ ክፍልም አብሮ ይሄዳል፤ ኪራዩ አንድ ነው። እንግዳ ፊት በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ተቆጣጣሪ ይመስላታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። የእትዬ ሥርጭት ከፊት ለፊቱ ቤት ሥርጭት ሰባት ሰከንድ ያህል ይቀድማል። የእሷ ደንበኞች “ጎል!” ሲሉ እነዚያ ገና ኳሱን መሐል ሜዳ ላይ እያዩ ነው። የዚያኛው ቤት ባለቤት አንድ ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። “እህቴ፣ ደንበኞቼ ጎሉን ካንቺ ቤት ሰምተው ነው የሚያዩት። በሕግ የሚሠራ ሰው እንዴት ይቀደማል? ሁለተኛ ከሰማሁ ለኩባንያው እናገራለሁ” ብሏት ሄደ።

እትዬ ጨነቃት። ሲጨንቃት ጊዜ ደንብ አወጣች። “ጎል ሲገባ ዝም በሉ። ፊት ለፊት ሲጮኹ ያን ጊዜ ትጮኻላችሁ።”

“ማስነጠስስ ይፈቀዳል?” አለ ፊሽካ። ብረት በያጅ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው።

“አንተማ ፎጣ ትነክሳለህ።”

“በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም” አሉ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ደንቡን እንደማጽደቅ።

በዚያች ቅዳሜ ታዲያ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ለስላሳ አዘዘ። እትዬ አንዱን ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ወለወለችው።

“ለስላሳውን አልቀመሰውም” አለች ለባሏ ወንድም፣ በሹክሹክታ።

“ሆዱን አሞት ይሆናል።”

“ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም።”

“ኳስ ሊያይ መጥቶ ማንን ይይ? አንቺን?”

ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ አንድ ለዜሮ ተቀድመው የቆዩት የሰፈሩ ሰው የሚደግፋቸው ልጆች አገቡ። አንድ ለአንድ!

ቤቱ ጸጥ አለ። ፊሽካ ፎጣውን ነክሶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሹፌሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ደርቀው ቀሩ። ሁለት ተጣልተው የከረሙ ጎረቤታሞች ያለ ድምፅ ተቃቅፈው ይወዛወዛሉ። እትዬ ባለ ኮቱን ሰው በዓይኗ ጠርዝ ታያለች። ከዚያ ፊት ለፊት ያለው ቤት አገሳ፤ እነዚህም የታፈነውን ለቀቁት፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ባለ ኮቱ ሰው ሰዓቱን አየና እትዬን ጠራት።

“ለቅሶ ቤትም እንደዚህ ዝም አይልም። ምን ሆነው ነው?”

“ጎሉን እያጣጣምነው ነዋ ጌታዬ!” አለ ፊሽካ ከወዲያ። ሰው ሳቀ።

እትዬ አልሳቀችም። ውሸት ፈለገች፤ አጣችው። “ፊት ለፊት ያሉትን እንዳንቀድማቸው ነው” አለች። የባሏ ወንድም ጭንቅላቱን ያዘ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ሰውየው መታወቂያውን አወጣ። “የቴሌቪዥን ድምፅ የሚዘጉ ሕጋዊ ቤቶችም ብዙ ስላሉ እርስዎን አልጠረጠርኩም ነበር። እንደ ሰው ቢጮኹ ኖሮ ለስላሳዬን ጠጥቼ እሄድ ነበር።”

“ኳስ የማን ነው?” ብሎ ተነሣ የባሏ ወንድም።

“ጨዋታውማ የማንም አይደለም ወንድሜ። መክፈቻ ሙዚቃው፣ በምስሉ ጥግ ላይ ያለው የሊጉ ምልክት፣ ምስሉን የማቀናበሩ ሥራ ግን ባለቤት አለው። ካርዱም የተሸጠው ለሳሎን ነው።” ወደ እትዬ ዞረ። “ሪፖርት መጻፌ አይቀርም። ቅጹ ላይ ግን ‘ሲነገረው ወዲያው አቁሟል’ የሚል ቦታ አለ። እሱ ከተሞላ ብዙ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ዋስ ግን አልሆንዎትም።”

“ወዲያው ማለት?”

“አሁን ማለት ነው።”

አርባ ሰው አፍጥጦ ያያታል። እትዬ ወንበር ስባ፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ወደተሰቀለው ሪሲቨር ወጣች። ሹፌሩ ወንበሩን ያዙላት።

“እትዬ፣ በሞቴ! ሩብ ሰዓት ብቻ!” አለ ፊሽካ።

ካርዱን መዝዛ አወጣችው። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ።

ወንበሮች ተንጫጩ። ሰው እየተጋፋ መንገዱን ተሻገረ። ፊሽካ በሩ ላይ ቆም አለ፤ “ይቅር በይኝ፣ ልቤ አልችል አለኝ” ብሎ እሱም ሄደ። የባሏ ወንድም ካርዱን ከእጇ ነጥቆ ሳይሰናበት ወጣ። ሹፌሩ ብቻ ብርጭቋቸውን ይዘው ቀሩ።

“እዚህ ላይ ይፈርሙ” አለ ሰውየው። ፈረመች።

“ፈቃዴስ?”

“በአንድ ወር ውስጥ ደብዳቤ ይደርስዎታል።”

በጓሮው ክፍል ልጆቿ ያጠናሉ። ታላቂቱ ቀና አለች። “ኳሱ ቶሎ አለቀ?”

“እኛ ቤት አልቋል።”

“ተያዝን እንዴ እማዬ? ሊዘጋብን ነው?”

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። “አላውቅም ልጄ። ደብዳቤው ሲመጣ ግን አንቺ ታነቢልኛለሽ። እኔ እንኳን ላነበው፣ ፖስታውንም መክፈት የምችል አይመስለኝም።”