ለእማዬ እንደገና

ባለ ብስክሌቱ የተሰጠውን ሻይ ሳይጠጣ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ «እኔ እታለምን መቼም የማልረሳት ልጅቷ ያለ ደጋፊ ጎማ የነዳች ቀን ነው» አለ።

የእታለም ታናሽ እህት፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ፣ ቀና አለች። ሰውዬው ሐይቁ ዳር ብስክሌት የሚያከራይ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ኮፍያውን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ብብቱ ስር ወትፎታል። እህቷን ከቀበረች ወዲህ ፊቷ ላይ ፈገግታ መሳይ ነገር ሲመጣ ያኔ ገና ነው።

«እኔም ነበርኩ እኮ» አለችው። «ኮርቻውን ከኋላ ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ረሳኸኝ እንዴ?»

«አንቺማ የመጣሽው በኋላ ነው፣ እሁድ ቀን። እኔ የምልሽ የፊተኛውን ነው። የሥራ ቀን ነው፣ ሐይቁ ጭር ብሏል፣ እሷና ልጅሽ ድንቢጥ ብቻ ናቸው። ልጅቷ ስትፈተለክ እታለም ከኋላ ስትሮጥ ጫማዋ ወልቆ ቀረ። ተመልሳ መጥታ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ከዛ ደግሞ ‹ለእናቷ እንዳትነግራት› አለችኝ። የምን ምስጢር ነው አልኩ በልቤ፤ ልጅ ብስክሌት ነዳች ተብሎ…»

እዚህ ላይ ፊቷን አየው። ሻዩን አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሻዩ ደግሞ እሳት ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለቀስተኛው ሁሉ ለእታለም ያለቀሰ መስሎት አንጀቱን በላው።

ታች ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ፔርሙዙን ይዛ ከተፍ አለች። «ልድገምልህ?»

«ኧረ በቃኝ» አለ፣ ምላሱን ጥርሱ ላይ እያሻሸ።

እሁዷ ምን እንደነበረች ለማወቅ የእንግዳ ተቀባይዋን በጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ሪሴፕሽን ላይ ነው የምትሠራው። ሆቴሉ ሐይቅ ዳር ነው ይባላል እንጂ እሷ የቆመችበት ባንኮኒ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቷል፤ የምታየው በሩን ብቻ ነው። በጋ ሲመጣ በዛ በር የሰው ቤተሰብ ይጎርፋል። አባት ሻንጣ ይጎትታል፣ እናት ኮፍያ ታስተካክላለች፣ ልጅ የተነፋ የላስቲክ ዳክዬ ታቅፎ ይገባል። እሷ ቁልፍ ትሰጥና «ልጆቹ በጣም ይደሰታሉ» ትላለች። የራሷ ልጅ የት ናት? እታለም ጋ። አባትየው እንደሆነ ድንቢጥ ጥርስ ሳታበቅል የሄደ ሰው ነው፤ እሱን ተዉት።

እታለም ታላቅ እህቷ ናት። ፀጉር ሠሪ ነበረች፣ አላገባችም፣ አልወለደችም፤ የሞተችውም እዛው ሥራዋ ላይ ነው፣ የደንበኛ ፀጉር እያጠበች፣ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ። «ልቧ ነው» አሉ ሐኪሞቹ። በጋውን ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት ፀጉር ቤቷን ትቆልፍና ድንቢጥን ይዛ እብስ ትል ነበር። ሐይቅ፣ መናፈሻ፣ ሸርተቴ። ደንበኞቿ ሲያኮርፉ «ፀጉራችሁ የትም አይሸሽም፣ ልጅ ግን ያድጋል» ትላቸዋለች።

ግን እንግዳ ተቀባይዋ ዕድለኛ ነበረች። ድንቢጥ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ሁሉ የእናቷ እረፍት ቀን ላይ ይወድቃል። ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ የከተተችው፣ እረፍት ቀን። ከትልቁ ሸርተቴ ብቻዋን የወረደችው፣ እረፍት ቀን። የሥራ ጓደኞቿ «ይቺ ልጅሽ ካላንደር ታነባለች እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ደግሞ «ልጄ እኔን ትጠብቃለች» ትላለች፣ አፏን ሞልታ። በጋውን የተሻገረችው በዚህች ቃል ነው።

ያቺ እሁድማ። ድንቢጥ ብስክሌቱ ላይ ሆና «እማዬ እንዳትለቂኝ» ስትል፣ «አለቅሽም» ብላ ስትለቃት፣ ልጅቷ ተንገዳግዳ ዘጭ ስትል፣ ተነስታ ደግሞ ውልቅ ብላ ስትሄድ። እናት ሆና የማታውቀውን ጩኸት ጮኸች። እታለም ዛፍ ስር ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ እንግዳ ተቀባይዋ የምትጸልይ መስሏት ሆዷ ባባ። ሰኞ ዕለት ቁልፍ ለሰጠችው እንግዳ ሁሉ፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ነገረችው።

ባለ ብስክሌቱ ከወጣ በኋላ ድንቢጥን ፍለጋ ሄደች። አያቷ መኝታ ቤት፣ አልጋው ላይ በተከመረው የለቀስተኛ ጃኬት መሃል ዋሻ ሠርታ ተቀምጣለች። ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ሞት ማለት ቤቱ በሰው የሚሞላበት ቀን ነው ለሷ።

«ድንቢጤ፣ ብስክሌት መጀመሪያ የነዳሽ ቀን ማን ነበር?»

ልጅቷ በሩን አየት አደረገች። «እውነቱን ነው ወይስ ያንቺን?»

እንግዳ ተቀባይዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «እውነቱን።»

«ታለም።» እታለም ማለት ምላሷ እምቢ ብሎት ድሮም እንዲህ ነው የምትላት። «ከዛ ‹ለእማዬ እንደገና› አለችኝ። ሁለቴ ውደቂ ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን አንዴ ነው የወደቅኩት። ያማላ።»

«ውሃ ውስጥ የገባሽውስ?»

«እሱንም። መጀመሪያ ፈራሁ በይ፣ ከዛ እማዬን እያየሽ ግቢ ብላኛለች።» ከጃኬቶቹ መሃል ብቅ አለች። «ጎበዝ ነበርኩ አይደል?»

«ጎበዝ ነበርሽ» አለች እናቷ።

ከዛ ወዲያ እንባዋ ተቆረጠ። ሳሎን ገብታ ቦታዋ ተቀመጠች፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ወንበር ታቀርባለች፤ እንግዳ መቀበል መቼም ሥራዋ ነው። ግን ደረቅ ናት። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይጣላል? ወይ አፈር አይመልስ፣ ወይ ፎቶ አያፍር። በጋዬ ነው ያለችው በሙሉ እህቷ ለብሳ፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አዲስ ነው ብላ ያለበሰቻት ልብስ ሆኖ ተገኘ። ልጅ እያለችም የእታለምን ልብስ እየወረሰች ነው ያደገችው፤ ያኔ ግን ቢያንስ ይነግሯት ነበር።

«እንባዋ ደረቀ እኮ» አለች አንዷ ለቀስተኛ በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታዋ ደግሞ ጎረቤት ይሰማል።

«ድንጋጤ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጠጋ ብላም ክንዷን ያዘቻት። «አልቅሺላት እንጂ፣ የኔ እህት። ለልጅሽ እኮ እንደ እናት ነበረች።»

«ነበረች» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «እሱንስ አሁን አወቅኩ።»

በማግስቱ እናቷን ወጥ ቤት አገኘቻት። አሮጊቷ ብርጭቆ ታደርቃለች።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«ድንቢጥን። እታለም ልጄን እንደ ተዋናይ እያስጠናችልኝ እንደነበር።»

አሮጊቷ የደረቀውን ብርጭቆ እንደገና ማድረቅ ጀመረች። መልሱ ይኸው ነው። እንግዳ ተቀባይዋ አንድ የቀራት ነገር ነበር፣ ሳትጠይቅ ብትቀር ይሻላት ነበር፣ ግን ጠየቀች።

«የመጀመሪያ እርምጃዋስ? ከሥራ ስገባ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ወደኔ ብቻዋን የመጣችው?»

«ሳምንት ሆኗት ነበር» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል። «አንቺ እረፍት እስክትወጪ ይዘን አስቀመጥናት። ልጅቷ ልሂድ ብላ ትንፈራገጣለች፣ እታለም ታቅፋ ስታዞራት ትውላለች። ወገቧ ተቆርጦ ነበር።»

«ለምን?»

«ጥርስ አወጣች ብለን የነገርንሽ ቀን ሻወር ቤት ገባሽ። እንዳንሰማሽ ውሃውን ከፍተሽ አለቀስሽ። ሰማንሽ። በሩ ላይ ቆመን ነበር ሁለታችንም። እታለም ‹በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ እኛ ምንም አላየንም› አለች።»

«እኔን ጠየቃችሁኝ?»

«አልጠየቅንሽም።»

«የኔ ነበር እኮ፣ እማ። ለቅሶውም የኔ ነበር። አምልጦኝ ቢሆን አመለጠኝ ብዬ አውቀው ነበር። አሁን የቱን እንዳየሁ፣ የቱን እንዳሳያችሁኝ በምን ልለየው?»

«ልጅቷ ስታድግ እታለም ልትነግርሽ ነበር» አለች አሮጊቷ። «አብረን እንስቅበታለን ትል ነበር።»

እታለም ሳቁንም ይዛው ሄዳለች ማለት ነው።

ከዛች ሰዓት ጀምሮ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም። ለቀስተኛ መሳሳት ሲጀምር አሮጊቷ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ቀረች፤ ሲያናግሯት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው ራሷን የምትነቀንቀው። ያቀረቡላትን አትቀምስም። ልጇን እኮ ነው የቀበረችው፤ እንግዳ ተቀባይዋ ይሄን ታውቃለች፣ ግን ቁጣዋ አላስጠጋ አላት።

በለቅሶው የመጨረሻ ጠዋት ድንቢጥን ይዛ ደጅ ደረጃው ላይ ወጣች። ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ልትገባ ነው፤ አዲስ ጫማ ተገዝቶላት እግሯ ላይ አለ፣ ክሩ ተዘርግፎ።

«ይሄንንስ ታለም አስተምራሻለች?» አለቻት፣ ድምፅዋ እንዳይሻክር እየተጠነቀቀች።

«አላስተማረችኝም። ክር ያለው ትምህርት ቤት ስትገቢ ነው አለች።» ድንቢጥ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጫፎች ያዘች። «አልደረስንበትም።»

እንግዳ ተቀባይዋ አንዴ ቀስ ብላ አሳየቻት፣ ፈታችውና እጇን ሰበሰበች። ልጅቷ ምላሷን አውጥታ ገባችበት። ተበተነባት። እንደገና ሞከረች፣ ጣቷ አብሮ ታሰረ። ተናደደች፣ ክሩን ሰደበችው። ደግሞ ያዘችው። አንዱ ጆሮ ትልቅ፣ አንዱ ጆሮ ትንሽ፣ ጠማማ ነገር ወጣ፤ ግን ያዘ። እግሯን አነሳች፣ አወዛወዘችው። አልተፈታም።

«ቻልኩ» አለች፣ ራሷን እየገረማት።

እናቷ አላጨበጨበችም። ጠማማውን ነገር አየችው። ይሄ የሷ ነው። ማንም ቀድሞ አላየውም፣ ማንም አላጠበውም፣ አልተኮሰውም። እታለምን ይቅር አላለቻትም፤ ገና ነው፣ ምናልባትም ሩቅ ነው።

በተከፈተው በር አሮጊቷ ትታያለች። የቀዘቀዘ ሻይ በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳ ታያለች።

«አያቴ አላየችም» አለች ድንቢጥ።

«አላየችም።»

«ጠርቻት ልምጣ?»

«ቆይ።» እንግዳ ተቀባይዋ ጠማማዋን ቋጠሮ ትንሽ ደግማ አየቻት፣ እስክትጠግባት። «አንቺ ሂጂና አጠገቧ ቁጭ በይ። መጀመሪያ ላይ አቃተኝ በያት።»

ከዛ ጎንበስ አለችና የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ ሳበችው።