ላቮን በሌለችበት የከፈትኩት በር

ላቮንን ከመጠለያው ያስወጣት ባሏ አይደለም። ባሏማ የት እንዳለች እንኳ አያውቅም። ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

አሜሪካ፣ ቶሊዶ ከተማ፣ ከባል ዱላ ለሸሹ ሴቶች በተከፈተ መጠለያ ውስጥ የቤቱ ኃላፊ ነኝ። አንሶላ፣ ሳሙና፣ ቁልፍ የሚባል ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ነው። አንድ የማይታለፍ ደንብ አለን። ቁልፉ ቢኖረንም የሴት በር አንከፍትም። እናንኳኳለን፣ እንጠብቃለን፣ «ግቡ» ካላለች ዞር ብለን እንሄዳለን። እሳት ካልተነሳ በቀር። ይህን ደንብ አዲስ ለሚቀጠሩት የማስተምረውም እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት አርክቴክቶች ለስልጠና መጡ። አዲሱን መጠለያችንን የሚነድፉት እነሱ ናቸው። ክፉ ነገር ያየ ሰው ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስደነግጠው የምታስተምራቸው ግሬቸን የምትባል ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከጀርባ የሚከፈት በር፣ መውጫው የማይታይ ኮሪደር፣ እንደ ንብ የሚጮህ መብራት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ጠዋት በስዕል ተማሩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አልጋ ላይ ተጋድመው ክፍሉን በተኛው ሰው ዓይን እንዲያዩት ተብሎ፣ ባዶ ክፍል አዘጋጂ ተባልኩ። አዘጋጀሁ።

ኤልዮት የሚባለው ጢማም ባዶው ክፍል ገብቶ ዙሪያውን አየና «እውነቱን ለመናገር አልጋ የትም ቢቀመጥ ያው አልጋ ነው» አለ።

ነደደኝ። «እንደዛ ነው? ና ላሳይህ!» አልኩት።

የላቮን ክፍል ትዝ ብሎኝ ነው። ላቮን አልጋውን ጎትታ ጥግ አስይዛዋለች፣ ከዚያ ሆና በሩም መስኮቱም ይታያታል። መስታወቱን በፎጣ ሸፍናለች። ወንበሩ ላይ ባዶ ቆርቆሮዎች ደርድራ ማታ ማታ ከበሩ ታስጠጋዋለች፣ ማንም ቢገፋው እንዲንኳኳ። በራሷ ጭንቅላት ያደረገችው ነው፤ እኔም እንደ እናት እኮራባት ነበር። በዚያ ሰዓት እሷ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ሥራ ላይ ነበረች።

ግሬቸን በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ሚስ ዶቲ፣ ሰው የሚኖርበት ነው እንዴ? ፈቅዳልሻለች?»

«ፈቅዳለች» አልኳት። ዓይኔን እንኳ አላሸሸሁም።

ከፈትኩ። ተግተልትለው ገቡ። ኤልዮት በጨዋ ደንብ ጫማውን አውልቆ አልጋዋ ላይ ተጋደመ። «ይገርማል! በሩ ሙሉ በሙሉ ይታያል» አለ። እኔም ሞቅ ብሎኝ ማስረዳት ጀመርኩ። «አየህ፣ ባሏ የሚመጣባት ተኝታ ሳለች ነበር። በጨለማ ቆሞ ሲያያት ነው የምትነቃው። ለዚህ ነው እንግዲህ...»

የሁሉም ፊት ወደ በሩ ዞረ። ላቮን ቆማለች። ሥራ ቀንሶላት ቀድማ መጥታለች። ዳቦና እንቁላል የያዘውን ከረጢት እንቁላሉ እንዳይሰበር ብላ ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ወጣች።

ኤልዮት ከአልጋው ዘሎ ተነስቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«ፈቅዳለች ብለሽኝ ነበር» አለች ግሬቸን።

«ብያለሁ።»

ላቮን ለራት አልመጣችም። ስልኳ ተዘግቷል። በመኪናዬ ዞሬ ዞሬ መንገድ ዳር ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት አገኘኋት። ግድግዳው ሁሉ ውጭውን የሚያሳይ መስታወት ስለሆነ እዚያ መቀመጥ ትወዳለች።

«አትቀመጪ» አለችኝ። ቆምኩ።

«ላቮን፣ የኔ ቆንጆ...»

«የኔ ቆንጆ አትበይኝ።»

«ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። እንዲማሩ ብዬ ነው።»

«እና ተማሩ? ያ ጢማም ምን ተማረ? ፍራሼ እንደሚቆረቁር?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

«የኔን ነገር ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ማንም።»

«እሱም እንደዚሁ ነበር እኮ። በሬን ሲከፍት ‹ላንቺው ብዬ ነው፣ ደህና መሆንሽን ለማየት ነው› ይላል።»

ከባሏ ጋር ስታስተካክለኝ ቁጣ ቁጣ አለኝ። እኔ መቼም ግትር ነኝ። «እኔና እሱ አንድ ነን?» ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ ልጨርሰው? መልሼ ዘጋሁት።

«ሌላ ክፍል እሰጥሻለሁ። ዛሬውኑ የበሩን ቁልፍ አስቀይርልሻለሁ» አልኳት።

«አዲሱን ቁልፍ ማን ይይዘዋል?»

«አንዱ በእኔ እጅ መሆን አለበት። ለእሳት ነው፣ ደንብ ነው።»

«በቃ እንግዲያው። ፎርት ዌይን ከተማ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። ነገ ትመጣልኛለች።»

«ክፍል አላት?»

«ሶፋ አላት። ሳሎን ውስጥ። በር የለውም፤ የሚመጣውን ሁሉ አየዋለሁ።»

በሩ የሚዘጋ ክፍል የነበራትን ሴት በር ለሌለው ሳሎን አበቃኋት። ያን ሌሊት ወደ መጠለያው ተመልሳ የተኛችው ሳሎኑ ውስጥ ከነጫማዋ ነው።

በማግስቱ ለአለቃዬ ተናገርኩ። የያዝኩትን ቁልፍ ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ፤ ለጊዜው እሷ ትይዘዋለች። ከዚያ ስልጠናው ክፍል ገብቼ ውሸቴን ለአርክቴክቶቹ ነገርኳቸው። ግሬቸን እንደ ልማዷ «ሚስ ዶቲ፣ ይህን በድፍረት ስላካፈልሽን...» ብላ ስትጀምር «አታመስግኚኝ!» አልኳት። ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀርም፣ ሁሉም አቀረቀሩ።

ኤልዮት ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ መጣ። «ይቅርታ ብዬ ብጽፍላትስ?»

«ተዋት።»

«ለእሷ ነው እኮ...»

«ለእሷ አይደለም፣ ላንተ ነው። እኔም መጻፍ አምሮኛል። ተዋት።»

እኩለ ቀን ላይ አክስቷ መጣች፣ ወፍራም፣ ቁጡ ሴትዮ። ላቮን ዕቃዋን የምታወርድላት ሌላ ሠራተኛ እንድትሆን ጠየቀች። እኔ እንዳልወጣም ተነገረኝ። ወጥ ቤት ቆሜ ድስት እየፈተግኩ የሻንጣው ጎማ ደረጃው ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። የመኪናው በር ተዘጋ። ሮጬ ወጥቼ መስኮቱ ላይ ብለጠፍ፣ ብለምናት፣ ባለቅስ ደስ ባለኝ ነበር። ግን አልጠራችኝም። ሞተሩ ተነሳ፣ ራቀ፣ ጠፋ። እኔ ንጹሑን ድስት አሁንም እፈትግ ነበር።