ጮክ ብሎ የተነገረ ቁጥር

የአልጋ ቤቱ የካርድ ማሽን ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸና የሚስጥር ቁጥሩ ስህተት መሆኑን አሳየ።

"እስቲ ደግመሽ ምቺው" አሉ አያ ስመኘው ባንኮኒው ላይ ተደግፈው። "ሃያ አንድ፣ አርባ አራት። ትናንት በአንድ ጊዜ አልነበር እንዴ የገባው?"

"አሁን ከተሳሳተ ካርዱ ይዘጋል፣ አያ" አለች አደይ።

"ምን አልሽ?"

ድምፏ ዝግ ያለ ስለሆነ አደይን በአንድ ጊዜ የሚሰማት እንግዳ ጥቂት ነው። ደግማ ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ካርዱን አውጥታ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ፊቱ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል ያነበበችው ያን ጊዜ ነው። ናጂሃ በድሩ ይላል።

ደጋግማ አነበበችው። አያ ስመኘው ፈረንጅኛውን አያነቡም። እሷም ብትሆን ማሽኑ ከመጣ ስምንት ወር ሙሉ ስንቱን ካርድ ስትቀበል የአንዱንም ስም አይታ አታውቅም። ናጂሃን ግን ታውቃታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ያደረች ልብስ ነጋዴ ናት። ከሦስት ቀን በፊት ደውላ፣ "ኪሴ ውስጥ ያለው ካርድ የእኔ አይደለም፣ ሒሳቤም ተራቁቷል፣ እናንተ ጋ ነው የተለወጠብኝ" ስትል ስልኩን የተቀበሉት የአደይ እናት ወይዘሮ እህተ ማርያም ነበሩ። "ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ የእኔ ቤት ስም አለው" ብለው ዘጉባት። አደይ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ምንም አላለችም።

"አያ፣ ባንክ እንሂድ" አለች። አሁን ሰሟት።

ባንኩ ከመንገዱ ማዶ ነው። የባንኩ ሠራተኛ የሽማግሌውን ደብተር ተቀብሎ ኮምፒውተሩን ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

"በካርድዎ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ወጥቷል። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ዛሬ ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። መናኸሪያው ፊት ካለው ማሽን።"

"እኔ መናኸሪያ አልሄድኩም።"

"የቀረውን ዘግተነዋል፣ አይዞዎት። ቁጥርዎን ለማን ነግረው ነበር?"

"ኧረ ለማንም! ለዚች ልጅ ብቻ ነው" አሉ አያ ስመኘው፣ በአገጫቸው አደይን እያመለከቱ።

ሠራተኛው አደይን አያት። አደይ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ሽማግሌው የዓመቱን በርበሬ ሸጠው የውሃ ፓምፕ ሊገዙ ነበር ቡሬ የገቡት። የፓምፑ ግማሽ ሄዷል። አዲስ ካርድ አውጥተው፣ አዲስ ቁጥር መርጠው ተመለሱ። መንገዱን ሊሻገሩ ባጃጅ ለማሳለፍ ሲቆሙ፣ አያ ስመኘው ከጎኗ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቆሙ። አደይ አየቻቸው።

ቤቱ አሥራ አንድ ክፍል ያለው አልጋ ቤት ነው። ወደ ነቀምቴ በሚገነጠለው መንገድ አፍ ላይ ስላለ ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ እህል ሊሸጥ የመጣ ገበሬም ያድርበታል። አደይ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ብላ ባንኮኒው ላይ ከተቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው። ባንክ የሰጣቸው የካርድ ማሽን ባትሪው ስለሞተ መብራት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ገመዱ ደግሞ አጭር ነው፤ ከባንኮኒው ሥር አይወጣም። ስለዚህ እንግዳው ቁጥሩን ይናገራል፣ እሷ ትመታለች። መጀመሪያ ሰሞን ልክ አለመሆኑን ታውቅ ነበር። ግን አንድ ሽማግሌ አምኖ የሚነግራትን "አይንገሩኝ" ማለት ነውር መሰላት። አፈረች። ከዚያ ለመደችው።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ እናቷ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ባንክ የተባለውን ሁሉ ከአደይ ሰሙ። ወንበሩ ላይ የሰባት ቁጥሩ እንግዳ ቴዎፍሎስ ተቀምጧል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ጥናት ላይ ነኝ የሚል፣ ሁልጊዜ ቀይ ሹራብ የሚለብስ፣ ለሽማግሌ ተነስቶ ወንበር የሚለቅ ልጅ ነው። አሁንም ለአያ ስመኘው ተነሳላቸው።

"አይዞዎት አባቴ። ሰምቼ በጣም ነው ያዘንኩት።"

"ተባረክ" አሉ ሽማግሌው። "ትናንትም ካርዱን ባንኮኒው ላይ ረስቼው ስሄድ ይኼ ልጅ ነው ሮጦ የሰጠኝ።"

አደይ ቀና ብላ ቴዎፍሎስን አየችው። እሱ እናቷን ነበር የሚያየው።

"እኔ ሰው መጠርጠር አልወድም፣ እትዬ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን ዝም ማለትም ኃጢአት ነው። ያቺ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ፣ መስከረም፣ አዲስ ስልክ ይዛለች። ትናንት ሒሳብ ሲከፈል ደግሞ እዚሁ ትወለውል ነበር።"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" አሉ ወይዘሮ እህተ ማርያም። "መስከረም! ነይ እስቲ ወዲህ!"

መስከረም እጇ አረፋ እንደሆነ መጣች።

"ስልኩን በምን ገዛሽው?"

"በዕቁብ ነው፣ እትዬ። ዕጣው ደረሰኝ አላልኩዎትም?"

"ለእኔ? መቼ?"

"የሥላሴ ዕለት ነግሬዎታለሁ! ‘እንኳን ደስ አለሽ፣ አሁን ደግሞ ሥራ ፈተሽ እሱን ስትነካኪ ትውያለሽ’ አሉኝ እኮ።"

"ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?"

"ዳቦ ልገዛ የላኩኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?" ዓይኗ እንባ ሞላ። "አደይ፣ ምን ተፈጠረ? ንገሪያቸው እንጂ!"

ዳቦ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ነው። አደይ ይህን አሰበች። እሷም ለአፍታ መስከረምን ጠረጠረቻት። አብረው በአንድ ትሪ ይበላሉ። ሆኖም አዲስ ስልኳን፣ ትናንት ባንኮኒው ላይ ጨርቁን እያዘገየች የወለወለችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰች።

"እስከ እኩለ ቀን ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪልኝ" አሉ እናቷ።

አደይ የእንግዳ መዝገቡን ከመሳቢያው አወጣችና ወደ ኋላ ገለጠችው። ናጂሃ በድሩ ያደረችው ጥር ሃያ ነው። የዚያን ሳምንት ደግሞ መስከረም አልነበረችም። እህቷን ለመዳር ፍኖተ ሰላም ስለሄደች፣ የአሥራ አንዱንም ክፍል አንሶላ ያጠበችው ራሷ አደይ ናት። ኦሞው መዳፏን ልጦት ስለነበር መዝገቡ ላይ ያለው ጽሑፍ የተንጋደደ ነው። ከናጂሃ ስም አራት መስመር ከፍ ብሎ በዚያው በተንጋደደ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ቴዎፍሎስ፣ ሰባት ቁጥር፣ ጥር አሥራ ስምንት።

ሁለቱም ካርዶች ሲለወጡ እዚህ ቤት የነበረው እሱ ነው። እናቷና እሷም ነበሩ።

ቀና ስትል ቴዎፍሎስ ከክፍሉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጥቷል።

"መታወቂያዬን ስጪኝ እህቴ። ሥራዬ አልቋል፣ የባሕር ዳር መኪና እንዳያመልጠኝ።"

"ወሩን እጨርሳለሁ ብለው አልነበር?"

"ምን አልሽ?"

ልትደግመው ስትል አያ ስመኘው አዲሱን ካርድ ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

"እኔን አስቀድመሽ አሰናብቺኝ። የእናንተን ቤት ሒሳብ ይዤማ አልሄድም። አዲሱ ቁጥር ደግሞ፣ የማልረሳውን ነው ያደረግኩት፣ ሃምሳ…"

"ዝም ይበሉ!"

የጮኸችው አደይ መሆኗን ያመነ የለም። መስከረም እንኳ ማልቀሷን አቆመች። አያ ስመኘው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከልጅ ልጃቸው የምታንስ ልጅ በሰው ፊት ዝም ይበሉ አለቻቸው።

"ይቅርታ አያ። ለእኔም ቢሆን እንዳይነግሩኝ።" ካርዱን ወደ እሳቸው መለሰችው። "ከእንግዲህ ለማንም አይንገሩ።"

ወይዘሮ እህተ ማርያም ባንኮኒውን ዞረው መጡና ጆሮዋ ሥር ተጠጉ። መዝገቡ ላይ ጣቷ ያረፈበትን ስም አይተዋል።

"ስሚኝ ልጄ። መታወቂያውን ስጪውና ይሂድ። ካርድ የሚለወጥበት ቤት ከተባልን ማን ያድርብናል? በዝምታ ይለፍ።"

"መስከረምስ?"

"እሷም ሌላ ሥራ አታጣም።"

አደይ መታወቂያው ያለበትን መሳቢያ ቆልፋ ቁልፉን ጨበጠችው። በሌላው እጇ ናጂሃ ጋ ደወለችና ድምፁን ሁሉም እንዲሰማ ከፍታ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"አቤት" አለች ናጂሃ፣ በኩርፊያ ድምፅ።

"ናጂሃ፣ አደይ ነኝ፣ ከቡሬው አልጋ ቤት። ያንቺ ካርድ እኛ እጅ ገብቷል። እዚህ ስታድሪ ካርድሽን ከእኔ ሌላ የነካው ሰው ነበር?"

"ማንም አልነካው… ቆይ። አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ነበር። ‘እህቴ፣ ካርድሽን ረሳሽው’ ብሎ እስከ ሚኒባሱ አምጥቶ ሰጠኝ። መርቄው ነበር እኮ!"

ቴዎፍሎስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "አገሩ ሙሉ ቀይ ሹራብ ነው" አለና ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ።

አያ ስመኘው ግን ተነስተው ሄደው የግቢው በር ደፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዱላቸውን ከመቃን እስከ መቃን አጋድመው።

"እኔም መርቄው ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ትናንትም፣ ዛሬም።"

"አደይ፣ ዝጊው ስልኩን" አሉ እናቷ።

አልዘጋችውም። "መስከረም፣ ሂጂ ፖሊስ ጥሪ" አለች። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ናጂሃ፣ ለምስክርነት ትመጫለሽ? ቁጥርሽን በሰው ፊት ጮክ አድርጌ ያስነገርኩሽ እኔ መሆኔን ቃሌን እሰጣለሁ። ጥፋቱ ከባንኮኒያችን ነው የጀመረው።"

"ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።"

አደይ ደገመችላት፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።