የብርሃኑ መስመር ሲረበሽ

ኢንጂነሯ ዋርሳዋን ያስቀጠረችው ራሷ ነበረች። አማቷ «ትንሹን ልጄን አደራ» ስላሏት ብቻ አልነበረም፤ የባሏ ታናሽ ወንድም ኬብል ሲዘረጋ እጁ የተባረከ ነው። ሆስፒታሉን ከመንገዱ ማዶ ካለው ላቦራቶሪ ጋር የሚያገናኘውን መስመር አብረው ነው የዘረጉት።

መስመሩ ተራ መስመር አይደለም። የሕሙማን ውጤት የሚመሰጠርበትን የምስጢር ቁልፍ በብርሃን ቅንጣቶች ያሻግራል፤ የኳንተም ምስጠራ ይሉታል። ሰላይ ጣልቃ ገብቶ ቅንጣቶቹን ሊያይ ቢሞክር ይለወጣሉ፣ ስህተት ይበዛል፣ ማሽኑም የምስጢር ቁልፉን ጥሎ ይጮኻል። ዓምና ሌቦች በኢንተርኔት ሰርገው የሆስፒታሉን መረጃ ዘርፈው ስለነበር ዳይሬክተሩ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነዋል።

አንድ ሰኞ ማሽኑ ጮኸ። ማክሰኞም ደገመው።

«ሰው ገብቷል ማለት ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«መስመሩ ተነክቷል ማለት ነው። በምን እንደሆነ አይናገርም» አለች ኢንጂነሯ።

«የኬብል ክፍሉ በር ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

አንዱ እሷ ጋ፣ ሌላው ዋርሳዋ ጋ ነበር። ዳይሬክተሩ አተኩረው አዩዋት። ለዘመዷ አደላች እንዳትባል ፈራች። ደግሞም ልጁ ሰሞኑን ስልክ ሲደወልለት ኮሪደር እየወጣ ማውራቱ ትዝ አላት። ከሰዓት በኋላ በሠራተኛው ሁሉ ፊት የበሩን ቁልፍ ተቀብላ፣ ነገሩ እስኪጣራ ቤት እንዲቆይ ነገረችው። ባዶውን ማንጠልጠያ ኪሱ ከቶ ወጣ።

በማግስቱ እሱ በሌለበት ማሽኑ ጮኸ።

ኢንጂነሯ መሰላል አምጥታ ኬብሉን በኮርኒሱ ውስጥ በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ኬብሉ በታሰረበት ብረት ላይ አዲስ የአየር ማራገቢያ ተሰቅሏል። ማራገቢያው ሲሠራ ብረቱ ይንዘፈዘፋል፣ ብርሃኑም ይረበሻል። አጠፋችው፤ ማሽኑ ጸጥ አለ። ሰላይ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ አማቷ ቤት ሄደች። ዋርሳዋ የወንበር እግር ሲጠግን አገኘችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችውና ይቅርታ ጠየቀችው።

«ማሽኑ ተነካሁ አለ እንጂ ማን እንደነካው አልተናገረም» አለ ቀና ሳይል። «ስሜን የጨመርሽበት አንቺ ነሽ።»

«እውነትህን ነው። ኮሪደር እየወጣህ ስታወራ ሳይ ጊዜ...»

«ከሴት ጋር ነበር የማወራው።»

«የማን ልጅ ናት?» አሉ አማቷ ከጓዳ።

ሁለቱም አልሳቁም።

በሳምንቱ ሥራ ገባ። ማራገቢያውን ራሱ ነቅሎ ሌላ ቦታ ሰቀለው። ዳይሬክተሩ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት አለፉ። ከእሷ ጋር ስለ ሥራ በትሕትና ያወራል፤ ቀልዱን ግን ለሌሎቹ ነው የሚያወራላቸው። ሊያገባ መሆኑንም የሰማችው ከአማቷ ነው።